ያልሰረቀን ሰው ሌባ ማለት

በደቡብ ሱዳን ዋና ከተማ በጁባ ንያኩሮን የሚባል ሠፈር አለ። በሩቅ ያለ ሰው ስሙን የሚያውቀው በባህል ማእከሉ ነው፤ በዚያ ለሚነግደው የሀገራችን ሰው ግን ንያኩሮን ማለት ማለዳ የሚከፈት፣ ማታ የሚዘጋ የቆርቆሮ ሱቅ ማለት ነው። በዚህ ሠፈርም ሆነ በከተማዋ ሌሎች ገበያዎች ኡጋንዳዊው፣ ኬንያዊው፣ ሶማሌው፣ የዳርፉር ሰውና ሐበሻው ጎን ለጎን ይሸጣሉ። በዚያ ሐበሻ ሲባል ኢትዮጵያዊውንና ኤርትራዊውን ሳይለይ ነው። ስኳሩ፣ ሳሙናውና ዘይቱ ከሚመጣባቸው በሮች ዋናው የኡጋንዳ ድንበር ሲሆን፣ ከዚያ እስከ ጁባ ያለው 192 ኪሎ ሜትር የኒሙሌ መንገድ በ2012 እ.ኤ.አ. አስፋልት ለብሶ ተመርቋል። ይህን ያህል መንገድ ተጉዞ፣ በየኬላው ተፈትሾ የደረሰ ዕቃ ከመደርደሪያ ላይ ሲጠፋ ባለ ሱቁ ቢቆጣ አንፈርድበትም። ዛሬ የምንጽፈውም ስለ ቁጣው ሳይሆን ቁጣው ስለሚያርፍበት ሰው ነው።

በዚያ ገበያ ለሌባ የሚሰጠው ስም «ሐራሚ» ነው። ቃሉ የዐረብኛ ሲሆን፣ ሥሩ ሐራም፣ ማለት ክልክልና ርኩስ ከሚለው የወጣ ነው። እንግዲህ አንዱ ሌላውን ሐራሚ ብሎ ሲጮኽበት የሰውዬውን እጅ ብቻ ሳይሆን ሁለንተናውን ማርከሱ ነው። ጩኸቱም ከተጮኸ በኋላ የጮኸው ሰው ንብረት መሆኑ ይቀራል፤ የገበያው ንብረት ይሆናል። ገበያ ደግሞ አይመረምርም። በመርካቶም ቢሆን «ሌባ! ሌባ!» የሚል ድምፅ በተሰማ ጊዜ የሚሮጠው ሰው ማን እንደ ሆነ ጠይቆ ዱላ ያነሣ ሰው ስንት ነው? ጥርጣሬ ከሱቁ ደጃፍ አልፎ ጎዳና የወጣ እንደ ሆነ ባለቤቱ ራሱ ሊመልሰው አይችልም።

አንድ ነገር በሐሳባችን እንሣል። አንድ የሀገሩ ተወላጅ ወጣት በንያኩሮን ወደ አንድ ሐበሻ ሱቅ ይገባል። የባትሪ ዋጋ ይጠይቃል፤ ሳሙና ያነሣል፤ መልሶ ያስቀምጣል፤ በመጨረሻ አንድ ብስኩት ገዝቶ ይወጣል። ባለ ሱቁ ዞር ብሎ ቢያይ ከመስታወቱ በላይ የነበረው የስልክ ባትሪ መሙያ የለም። ወጥቶ ይጮኻል። ወጣቱ ተይዞ ኪሱ ይገለበጣል፤ ሁለት ጥፊም ይቀምሳል፤ ምንም አይገኝበትም። ማታ ሱቁ ሲጠረግ ባትሪ መሙያው ከካርቶን ኋላ ወድቆ ይገኛል። አሁን ባለ ሱቁ ምን ያደርጋል? ብዙዎቹ ዕቃውን ወደ ቦታው መልሰው ይተኛሉ።

በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። የዚያው ባለ ሱቅ ሚስት ከሌላ ሰው መደብር ገዝታ ስትወጣ «ያልከፈልሽበት ዕቃ በፌስታልሽ ውስጥ አለ» ተብላ ትያዛለች፤ ባዕድ ናት፤ ቋንቋውን በደንብ አታውቅም፤ ሰው ይከባታል። ያን ጊዜ ቤተ ሰቡ ሁሉ ግፍ ተፈጸመብን ይላል፤ እውነትም ግፍ ነው። ነገር ግን ያለፈው ሳምንት ግፍ ግፍ አልነበረምን? ነጋዴዎቻችን በሰው ሀገር ስለሚደርስባቸው ጥርጣሬ ብዙ ሲያማርሩ እንሰማለን፤ እነርሱ በሀገሬው ልጅ ላይ ስለሚያሳድሩት ጥርጣሬ ሲናገሩ የሰማነው ግን ጥቂት ነው።

ይህ ጥርጣሬ ያለ ምክንያት የመጣ ነው አንልም። በጁባ በታኅሣሥ 2013 እና በሐምሌ 2016 እ.ኤ.አ. ውጊያ በተነሣ ጊዜ ብዙ ሱቅና መጋዘን ተዘርፏል፤ ያን ያየ ዐይን በቀላሉ አይረጋም። የገንዘቡም ነገር አለ። እስከ 2015 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ድረስ አንድ ዶላር በይፋ በሦስት የደቡብ ሱዳን ፓውንድ ገደማ ይመነዘር ነበር፤ ምንዛሪው ለገበያ በተለቀቀ ጊዜ በአንድ ጊዜ ከ18 ፓውንድ በላይ ሆነ። የገንዘብ ዋጋ እንዲህ ሲወድቅ የሚቆጠረው ወረቀት ይበዛል፤ ዋጋውም ቶሎ ቶሎ ይለወጣል። «ከፍዬአለሁ»፣ «አልከፈልህም»፣ «ትናንት በዚህ ዋጋ አልነበረምን?» የሚለው ክርክር ሁሉ ከዚህ ይወለዳል። ደረሰኝ በማይሰጥበት ሱቅ ደግሞ የቁጥር ስሕተትና ሌብነት አንድ መልክ አላቸው። ከብዙ የሌብነት ክስ ሥር የሚገኘው በውነቱ ያልተጻፈ ሒሳብ ነው።

አባቶቻችን የጠፋ ዕቃ የሚፈልጉበት ሥርዓት ነበራቸው። ከሁሉ የከፋው ሌባ ሻይ ይባል የነበረው ነው። ለአቅመ አዳም ያልደረሰ ልጅ የሚያደነዝዝ መድኃኒት ይጠጣል፤ ወገቡ በገመድ ይያዛል፤ ከዚያም እየተንገዳገደ በመንደሩ ውስጥ ሲሄድ ከደጁ የወደቀበት ሰው ሌባ ተብሎ ዕዳ ከፋይ ይሆን ነበር። ይህ ልማድ በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ ታግዶ ቀርቷል። ዛሬ ስንሰማው እንስቃለን። ነገር ግን ከመደርደሪያው ዕቃ ጠፍቶበት፣ ምንም ሳያይ፣ በመጨረሻ የወጣውን ደንበኛ የሚይዘው ባለ ሱቅ ከዚያ ልጅ በምን ይሻላል? ልጁ እንኳ መድኃኒት ጠጥቶ ነበር።

አውጫጭኝ የሚባለው ሁለተኛው ሥርዓት ነበር። የአገሩ ሰው ሁሉ በሜዳ ተሰብስቦ ሌባው እስኪታወቅ ወደ ቤቱ እንዳይመለስ ይደረግ ነበር፤ ሥራ የፈታና የተራበ ሰው ደግሞ ለመገላገል ሲል የማያውቀውን መናገሩ አይቀርም። ሦስተኛው ግን፣ የዚህ ዘመን ሰው ሁሉንም በአንድነት ኋላ ቀር ብሎ ቢያልፈውም፣ ልብ የሚባል ነገር ነበረበት። ይኸውም ቁራኛ ነው። ከሳሽና ተከሳሽ በልብሳቸው ጫፍ ተቋጥረው፣ ነገሩም ሲከብድ በሰንሰለት ተቆራኝተው፣ ዳኛ እስኪያያቸው ድረስ አብረው ይሄዱ፣ አብረው ያድሩ ነበር። ይመለስ አንልም፤ ሰውን ከሰው ማሰር ለሰው ክብር የሚገባ አይደለም። ሆኖም ከሳሽ የሆነ ሰው ክሱ የሚያመጣውን መከራ እኩል እንዲቀምስ ያደርገው ስለ ነበር፣ «ሌባ» ለማለት አፉን የሚከፍት ሰው አስቀድሞ የራሱን ሌሊት ያስብ ነበር። ዛሬ ጮኾ ወደ ሱቁ ለሚመለሰው ሰው ይህ ሐሳብ የለውም።

በሰለጠነው ዓለምም ቢሆን ነገሩ በቀላሉ አልተስተካከለም። በእንግሊዝ ሀገር ከ5 ሺሊንግ በላይ የሚያወጣ ዕቃ ከሱቅ መስረቅ በሞት ሊያስቀጣ በሚችልበት ዘመን፣ በነሐሴ 1799 እ.ኤ.አ. በባዝ ከተማ ጄን ሊ ፔሮት የተባለች ባለጸጋ ሴት ወደ አንድ የጌጣጌጥ ልብስ መደብር ገብታ ጥቁር ዳንቴል ገዛች። እርስዋም የታወቀችው የልብ ወለድ ደራሲ የጄን ኦስተን የእናቷ ወንድም ሚስት ነበረች። ከመደብሩ ወጥታ ጥቂት እንደ ሄደች የሱቁ ሰዎች ደርሰው ጥቅሉን ሲፈቱ፣ ከጥቁሩ ጋራ 20 ሺሊንግ የሚያወጣ ነጭ ዳንቴል ተገኘ። ጥቅሉን የጠቀለለው ማን ነበር? የመደብሩ ሠራተኛ ነበር። እንግዲህ ወይ በስሕተት፣ ወይ በተንኰል ነጩ ዳንቴል ከሱቁ ሰው እጅ ሊገባ ይችል ነበር ማለት ነው። ይህ ጥያቄ ግን በቀኑ አልተመረመረም። ሴትዮዋ ከባሏ ጋራ በኢልቸስተር እስር ቤት ጠባቂ ቤት ወራት ቈየች፤ በመጋቢት 1800 እ.ኤ.አ. በቶንተን ችሎት ቀርባ የፍርድ ሸንጎው አባላት ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ተመካክረው ነጻ ናት አሉ።

ለእውነት ጥቂት ደቂቃ በቃ፤ ለስም ግን አልበቃም። ጉዳዩ ሁለት መቶ ዓመት ካለፈ በኋላ እንኳ በውነት ወስዳው ይሆንን እያሉ የሚጽፉ ሰዎች አልጠፉም። ያውም ገንዘብም፣ ወዳጅም፣ ጠበቃም የነበራት ሴት ናት። በንያኩሮን አንድ ሳሙና በጥቁር ፌስታል ይዛ የምትወጣ ባዕድ ሴት ከዚህ አንዱም የላት። ስለዚህ ዕቃውን ከረጢት ውስጥ የሚያስገባው ሻጩ በሆነበት ገበያ ሁሉ፣ ከረጢቱ ውስጥ የተገኘ ዕቃ ብቻውን የሌብነት ማስረጃ እንዳይደለ ነጋዴ ሊያውቅ ይገባዋል። በኦሪት ዘፍጥረትም በቅዱስ ቁርኣንም የተነገረውን የዮሴፍን ታሪክ የሚያውቅ ሰው ይህን ከማንም መማር አያስፈልገውም፤ ዋንጫው በብንያም ስልቻ መገኘቱ እውነት ነበር፤ ብንያም ግን አልሰረቀም።

በዚያው በእንግሊዝ ሀገር በ1952 እ.ኤ.አ. እስከ ጌቶች ምክር ቤት የደረሰ አንድ ክርክር ደግሞ ለመደብር ባለቤቶች ሁሉ ትምህርት ሆኖ ይጠቀሳል። እናትና ልጅ በለንደን በጆን ሉዊስ ኩባንያ መደብር ጠባቂዎች ተያዙ፤ ልጅቱ የቀን መቁጠሪያዎች መውሰዷ ተረጋገጠ፤ እናቲቱ ግን ነጻ ወጣች፤ በመደብሩ ቢሮ ያለ አግባብ ታግቻለሁ ስትልም ከሰሰች። ዳኞቹ የያዘ ሰው የተያዘውን በተገቢ ጊዜ ውስጥ ለሕግ ማስረከብ አለበት ሲሉ፣ ነገሩን የመደብሩ ኀላፊ እስኪያየው መቈየቱን ግን ጥፋት አላሉትም፤ ምክንያቱም ተራ ጠባቂ ብቻውን ፈርዶ ሰውን ወደ ፖሊስ ከሚልክ የበላዩ ቢያይለት ለተያዘውም ይሻላል። ሁለቱም ፍሬ ነገሮች ለጁባ ሱቅ ይሠራሉ። ሻጩ ልጅ አይወስን፤ ባለቤቱ ይምጣ። ባለቤቱ ግን በቶሎ ይምጣ።

ሕጉስ ምን ይላል? በ1954 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ማንም ሰው እጅ ከፍንጅ ያገኘውን ወንጀለኛ እንዲይዝ ይፈቅዳል፤ ነገር ግን ሳይዘገይ ለፖሊስ እንዲያስረክብ ያዛል። እጅ ከፍንጅ ማለት ሲያደርግ የታየ፣ ወይም ወዲያው እየተባረረ የተያዘ ማለት ነው፤ «መልኩ አላማረኝም» ማለት አይደለም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ያዛል። የደቡብ ሱዳን የ2011 እ.ኤ.አ. የሽግግር ሕገ መንግሥት ከዚህ ይጠብቃል፤ ለምርመራ በፖሊስ የተያዘ ሰው ከ24 ሰዓት በላይ እንዳይቈይ፣ በዋስ ካልተለቀቀም ፍርድ ቤት እንዲቀርብ፣ የተያዘበትም ምክንያት በተያዘበት ጊዜ እንዲነገረው፣ ጥፋቱም በሕግ እስኪረጋገጥ ድረስ እንደ ንጹሕ እንዲቈጠር ደንግጓል። የተጻፈው ሁሉ በየጣቢያው ይፈጸማል ማለታችን አይደለም። ነገር ግን የማያውቀውን መብት የሚጠይቅ ሰው የለምና ማወቁ የመጀመሪያው ነገር ነው።

በሐሰት የተከሰሰው ሰው ምን ያድርግ? አይሩጥ። ይህን ከሁሉ አስቀድመን የምንለው የሚሮጥ ሰው በገበያ ዐይን ጥፋቱን የተቀበለ ሰው ስለ ሆነ ነው። ቆሞ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ የትኛው ዕቃ እንደ ጠፋና ሲወስደው ያየው ማን እንደ ሆነ ይጠይቅ፤ ያየ ሰው አለመኖሩ ብዙ ጊዜ እዚሁ ላይ ይገለጣል። ከረጢቱን መክፈት የፈለገ እንደ ሆነ በሰው ፊት፣ በጠረጴዛ ላይ፣ በገዛ እጁ ይክፈት፤ ወደ ጓዳ ና ሲሉት አይግባ፤ ለሴት ፈታሽ ሴት ትሁን። በማያነበው ቋንቋ የተጻፈ ወረቀት ላይ አይፈርም፤ አስተርጓሚ ይጠይቅ። ጣቢያ የተወሰደ እንደ ሆነም የሀገሩ ኤምባሲ እንዲነገርለት ይጠይቅ፤ በ1963 እ.ኤ.አ. በቪየና የተፈረመው የቆንስላ ስምምነት የታሰረ የውጭ ሀገር ዜጋ ይህን የመጠየቅ መብት እንዳለው ይደነግጋል።

ከባዱ ፈተና ግን ሌላ ነው። ሰዎች ዙሪያውን ከበው «የዕቃውን ዋጋ ክፈልና ሂድ» ይሉታል። ዋጋው ትንሽ ነው፤ ጊዜው ብዙ ነው፤ ጣቢያ ከመሄድ የሚሻል ይመስላል። በሰው ሀገር የሚኖር ነጋዴ ሁሉ ይህን ሒሳብ በልቡ አስልቶ ያውቃል። ጨክነን «አትክፈል» ልንል አንችልም፤ ዱላ በተነሣበት ሰዓት ነፍሱን ለማዳን የከፈለን ሰው በወንበር ላይ ተቀምጦ የሚወቅስ ጋዜጣ አንሆንም። ዱላው ከሌለ ግን አይክፈል። በፈቃዱ ያልበላውን ዕዳ የከፈለ ሰው በሚቀጥለው ቀን ስለ እርሱ የሚነገረው «ተይዞ ከፈለ» የሚል ነውና። እንደዚያ የተባለ ነጋዴ ደግሞ ዱቤ የሚሰጠው አከፋፋይ አያገኝም፤ በወረቀት ሳይሆን በቃል በሚነገድበት ገበያ ዋናው ካፒታል ስም ነው። የግድ የከፈለ እንደ ሆነም ሁለት ምስክር ባለበት «ለሰላም ስል እንጂ ወስጄ አይደለም» ብሎ ይክፈል፤ ከዚያም በዚያው ዕለት ወደ ሽማግሌዎች ይሂድ።

ለባለ ሱቁ የምንለው ከቃል ምርጫ ይጀምራል። ሥራችን ቃልን ከአንዱ ቋንቋ ወደ ሌላው ማሻገር ስለ ሆነ ምናልባት ለዚህ ከልክ በላይ እንጠነቀቅ ይሆናል። «ይቅርታ፣ ይህ ዕቃ ተከፍሎበታል?» የሚለው ጥያቄና «ሰርቀሃል» የሚለው ፍርድ ስለ አንድ ዕቃ ይነገራሉ፤ የመጀመሪያው ግን ስሕተት ሆኖ ሲገኝ ሊነሣ ይችላል፤ ሁለተኛው አይነሣም። ሌባ የሆነውም ቢሆን በጥያቄው ዕቃውን አውጥቶ ያስቀምጣል፤ ባለ ሱቁም ንብረቱን ያገኛል። ለሚሸጠው ዕቃ ሁሉ ቍራጭ ወረቀትም ብትሆን ቀንና ዋጋ ጽፎ ይስጥ። ጥቂት የቀለም ወጪ ነው።

በየጽሕፈት ቤቱና በየጣቢያው ላሉ ሹማምንትም አንድ ነገር እንላለን። «ተጠርጣሪ»፣ «ተከሳሽ»ና «ወንጀለኛ» ሦስት ቃላት ናቸው፤ በመካከላቸው መርማሪ፣ ዐቃቤ ሕግና ዳኛ ቆመዋል። ጸሐፊው በመዝገቡ የመጀመሪያ መስመር ላይ «ሌባው እገሌ» ብሎ የጻፈ እንደ ሆነ ግን ሦስቱንም ሥራ እርሱ ጨረሰው ማለት ነው። አስተርጓሚ ደግሞ «ሳልከፍል ወጣሁ» ያለውን ሰው «ሰረቅሁ» ብሎ ከተረጐመው፣ መርሳትን ወደ ወንጀል ለውጦ አስፈረመው። እንዲህ ያለ መዝገብ በየሀገሩ አለ። በነጻ የተለቀቀም ሰው ሲኖር መዝገቡ ላይ «ተለቀቀ» ብቻ ሳይሆን «ምንም ስላልተገኘበት ተለቀቀ» ተብሎ ይጻፍ፤ የመጀመሪያው ምሕረት ይመስላል፤ ሁለተኛው እውነቱ ነው።

የቀረው የካሳ ነገር ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሰውን የተጠላ፣ የተዋረደ ወይም መሳቂያ የሚያደርግ፣ እምነቱንና መልካም ስሙንም የሚጐዳ ንግግር የተናገረን ሰው ጥፋተኛ ያደርጋል። ለሞራል ጉዳት የሚከፈለውን ግን ከ1,000 ብር እንዳይበልጥ ወስኖት ነበር፤ በዚያን ጊዜ ብዙ ገንዘብ ነበረ፤ ኋላ ግን ዋጋው ሲወርድ የሰው ስምም አብሮ የረከሰ መሰለ። ከገንዘቡ ይልቅ በዚያው ሕግ ውስጥ ያለ ሌላ ሐሳብ እኛን ይበልጥ ያረካናል፤ ይኸውም ዳኞች የስም ማጥፋቱን ጉዳት የሚያስተካክል ማስታወቂያ በጥፋተኛው ኪሳራ እንዲወጣ ማዘዝ መቻላቸው ነው። ስሙ የጠፋው በአደባባይ ነውና መመለሻውም አደባባይ ነው።

ወደ ንያኩሮኑ ባለ ሱቅ እንመለስ፤ ባትሪ መሙያውን ከካርቶኑ ኋላ ያገኘው ሌሊት ነው። ወጣቱን ብቻውን ጠርቶ፣ በጆሮው ይቅርታ ብሎ፣ ጥቂት ገንዘብ በእጁ ቢያሲዘው የሚበቃ ይመስለው ይሆናል። ነገር ግን ወጣቱን ሐራሚ ሲባል የሰሙት የሻይ ሻጯ፣ የሞተር ብስክሌት ነጂዎቹና ጎረቤቱ ልብስ ሰፊ ናቸው፤ እነርሱ ይቅርታውን አልሰሙም። በነጋታው፣ ገበያው በሞላበት በዚያው ሰዓት፣ ከዚያው ደጃፍ ላይ ቆሞ፣ ባትሪ መሙያውን በእጁ ይዞ፣ በጮኸበት ድምፅ «ዕቃው በቤቴ ነበረ፤ ይህ ልጅ አልወሰደም፤ ያጠፋሁት እኔ ነኝ» ይበል። ልጁ የሚሠራበት ቤት ካለም ወደ አሠሪው ሄዶ ይህንኑ ይድገምለት፤ ወሬው ቀድሞት ደርሷልና።